ከማስፈቀድ ወደ ማሳወቅ

ምክር ቤት ውስጥ ምን ትሠሪ ነበር ብለው የሚጠይቁኝ ሰዎች ብዙ ጊዜ መልሴን አይጠብቁም። «እጅ ማውጣት ነዋ!» ይሉና ራሳቸው ይስቃሉ። እኔም ፈገግ ብዬ አልፋለሁ። እውነታቸውን ነው፤ እጅ አወጣ ነበር። ያ እጅ ከመውጣቱ በፊት ስላለው ሥራ ግን እስካሁን የጠየቀኝ ሰው የለም። አሁን ወንበሬን ለሌላ ሰው አስረክቤ ቤቴ ተቀምጫለሁና፣ ሳልጠየቅ ልናገር።

የሕግ ትምህርት የለኝም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ተቀጠርኩ፤ ጡረታ እስክወጣም እዚያው ነበርኩ። የምኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። የሠፈሬ ሰዎች ለወረዳ ምክር ቤት ሲጠቁሙኝ እሺ ያልኩት፣ ሌላ እሺ የሚል ስለጠፋ ነበር። ደመወዝ የለውም፤ ለታክሲ የምትሆን አበል አለች፤ እሷም ትዘገያለች። ሥራውን ግን ወደድኩት። ሰው የውሃ ቧንቧው ደረቀ፣ የመብራት ምሰሶው ዘመመ ብሎ ይመጣል፤ እኔ ደግሞ በየትኛው በር መግባት እንዳለበት አውቃለሁ። ከወረዳው በኋላ በከተማ ደረጃ ተመርጬ ሁለት የሥራ ዘመን አገለገልኩ። የመረጡኝ ሰዎች ወሰን ከሚባለው ሠፈር ጋራዦች እስከ እንጦጦ ማርያም ድረስ ተበታትነው የሚኖሩ ናቸው። ታች ያሉት ስለ መኪና ማቆሚያ ሲያማርሩ፣ ላይ ያሉት ጅብ በጋችንን ጨረሰው ይሉኛል። ሁለቱንም እሰማ ነበር። ስለ ጅቡ ምንም አላደረግኩም።

የመጀመሪያው ቀን አዳራሹ በር ላይ የት እንደምቀመጥ ግራ ገብቶኝ ቆምኩ። በሩ አጠገብ ያለው ረድፍ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ ጎናቸው ያለውን ወንበር መታ መታ አደረጉ።

«ነይ እዚህ። ፊት ያሉት ሊታዩ ነው የመጡት። እኛ ልናይ ነው።»

ጋሽ ተፈራ ይባላሉ። የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር የነበሩ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ረጅም ሪፖርት በተነበበ ቁጥር ከኮታቸው ኪስ ገብስ ቆሎ እያወጡ ለግራ ለቀኙ የሚያድሉ ሰው ነበሩ። የምክር ቤት ሥራ የተማርኩት ከእሳቸው ነው። በሩ ጋ የሚቀመጡት በከንቱ አልነበረም። የሚገባውን ሁሉ ስሙን ጠርተው ሰላም ይላሉ፤ ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ፣ ማን ከማን ጋር ተኳርፎ ለየብቻው እንደገባ ስብሰባው ሳይጀመር ያውቃሉ።

ረቂቅ አዋጅ ሲታደለን ሰዉ ሁሉ ከፊት ጀምሮ ያነባል። እሳቸው ከኋላ ይጀምራሉ።

«ፊት ያለው ዓላማው ነው» ይሉኝ ነበር። «ዓላማ ሁልጊዜ ጥሩ ነው። አንቺ ቅጣቱን አንብቢ። ሕጉ ማንን እንደሚፈልግ የሚነግርሽ ቅጣቱ ነው።»

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ረቂቁ «ማንኛውም ሰው» በሚልበት ቦታ ሁሉ የሚያውቁትን ሰው ስም አስገብተው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡታል። «ማንኛውም ሰው የሚባል ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም» ይላሉ። «ወይ ዘነበ ነው፣ ወይ ከድጃ ናት።» መጀመሪያ ላይ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ቆይቼ ሳየው ስንት ጥሩ የሚመስል አንቀጽ በዚህ መንገድ ሲነበብ ገመናው እንደሚወጣ ተረዳሁ።

እንዲህም ሆኖ በመጀመሪያው የሥራ ዘመኔ ክፉኛ ተሸንፌያለሁ። ጉዳዩ የወሰን ትንንሽ ጋራዦች ነበር። ስለ ሥራ ቦታዎች የወጣ አንድ ረቂቅ፣ የራሳቸው ግቢ የሌላቸውን ጋራዦች በአጭር ጊዜ ውስጥ እንዲለቁ ያዝዛል። እኔ የችሮታ ጊዜ እንዲሰጣቸው ኮሚቴውን ሳግባባ ሰነበትኩ። በመጨረሻ በኮሪደሩ ላይ «ተቀብለነዋል፣ ይገባል» አሉኝ። ደስ አለኝ፤ ወሰን ወርጄም ነገርኳቸው። ጊዜው ሰኔ ማለቂያ ነበር። ለእረፍት ከመበተናችን በፊት ባለው የመጨረሻ ስብሰባ የታደለን ጽሑፍ ውስጥ ግን ያ ቃል አልነበረም። እጄን ሳወጣ ውይይቱ ተዘግቷል ተባልኩ። እንደገና ለማንሣት ጥቅምትን መጠበቅ ነበረብኝ። በጥቅምት ጋራዦቹ አልነበሩም።

ጌታሁን የሚባል መካኒክ ከነልጆቹ ወደ ከተማው ዳር ሄደ። ዕቃውን ሲጭን ላግዘው ባልችልም ሄጄ ቆምኩ። አልተቆጣኝም። እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «እትዬ» አለኝ፣ «እኔ እኮ ፍሬን ሠርቼ ራሴ ሳልነዳው ቁልፉን ለባለቤቱ አልሰጥም።»



ያን ካልኩ ወደ መጨረሻው ዓመቴ ልሂድ። ጋሽ ተፈራ በዚያን ጊዜ ጉልበታቸው ደክሞ ቤት ውለዋል። በሩ አጠገብ ያለው ወንበራቸው ላይ የምቀመጠው እኔ ነበርኩ። የሥራ ዘመናችን ሊያበቃ፣ ሰዉም ሐሳቡ ግማሹ ወደ ቤቱ ግማሹ ወደ ሌላ ሥራው ሄዶ ሳለ፣ ስለ መንገድ አጠቃቀም አንድ ረቂቅ አዋጅ መጣ። ያዘጋጀውን ክፍል ስሙን አልጠራም፤ የለፉበት ሥራ ነበር። ከኋላ ጀምሬ አነበብኩ። ቅጣቱ እንዲህ ይላል፦ ሳያስፈቅድ በመንገድ ላይ ድንኳን የተከለ ማንኛውም ሰው ድንኳኑ ይወረሳል፣ በገንዘብም ይቀጣል። ወደ ፊት ስመለስ ደግሞ ፈቃዱ የሚጠየቀው ከአምስት የሥራ ቀናት በፊት ነው።

ለሠርግ ጥሩ ነው። ሠርግ ቀኑ ይታወቃል። ለልቅሶስ? እንደ ልማዴ ስም ላስገባበት አሰብኩና ቸገረኝ፤ በሕይወት ያለ ጎረቤቴን እዚህ አንቀጽ ውስጥ ማስገባት ደስ አላለኝም። የራሴን አስገባሁ። እልፍነሽ ሐሙስ ማታ ሞተች። ልጆቿ ድንኳን ለመትከል ባለፈው ሳምንት ማመልከት ነበረባቸው።

ፈረንሳይን የማያውቅ ሰው ድንኳኑን ለምን ግቢ ውስጥ አትተክሉትም ሊል ይችላል። አብዛኛው ቤት ግቢ የለውም። በሩ ሲከፈት መንገድ ነው፤ መንገዱም ዳገት ነው። ሰው ሲሞት የእድሩ ሰዎች ብረቱንና ሸራውን ተሸክመው ይመጣሉ፤ አግዳሚ ወንበሩን ይደረድራሉ፤ ሐዘንተኛው ሦስት ቀን ከሰው ጋር የሚቀመጥበት ቦታ ያገኛል። ያ ከቀረ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ሬሳና ሐዘንተኛ፣ ውጭ ደግሞ ዝናብ ላይ የቆመ ለቀስተኛ ነው የሚኖረው።

የእድራችን ሊቀመንበር ሐጂ ከማል ናቸው። ከታክሲ ማዞሪያው ዝቅ ብሎ የቤት ዕቃ ሱቅ አላቸው፤ እድሩም ክርስቲያን እስላም ሳይል ሠፈሩን የያዘ ነው። ሄጄ አንቀጹን አነበብኩላቸው። ለደንበኛ የሚሸጡትን ማንጠልጠያ ይዘው እንደቆሙ ሰሙኝ።

«እንደገና ያንብቡልኝ» አሉ። አነበብኩ።

«ወይዘሮ እልፍነሽ፣ እኛ ጠዋት የሞተውን ከሰዓት እንቀብራለን። አምስት ቀን ቀድሞ የሚነግረን ማን ነው? መላከ ሞት ነው ወረዳ ሄዶ የሚፈርመው?»

ደንበኛው ሳቀ። ሐጂ ከማል አልሳቁም።

«ይሄ ማንኛውም ሰው የሚለው እኔ ነኝ አይደል? ድንኳኑን የማስተክለው እኔ ነኝ።»

«እርስዎ ነዎት» አልኳቸው።

«ይሄ ከወጣ እኔ ሊቀመንበር አልሆንም። ድንኳን ካልተከልኩ ሰው ያዝንብኛል፤ ከተከልኩ እቀጣለሁ። እድሩም እኔ ስወጣ ይፈርሳል፤ ማን ሊይዘው?»

ጉዳዩ ይኸው ነበር። የድንኳን ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ የሚተክለውም ሰው ሊጠፋ ነበር።

ወደ ኮሚቴው ስሄድ ሰብሳቢው አቶ ብሩክ አልተቀየሙኝም። መሐንዲስ ናቸው፤ ወጣት ባይባሉም ከእኔ ብዙ ያንሳሉ። ለረቂቁ የቆሙበት ምክንያት ነበራቸው። የእሳቸው ሠፈር ውስጥ ምጥ የያዛትን ሴት የጫነ አምቡላንስ፣ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር በያዘ የሠርግ ድንኳን ምክንያት ወደ ኋላ ተመልሷል። ሴትየዋ መኪናው ውስጥ ወለደች። ተረፈች፣ ልጁም ተረፈ፤ አቶ ብሩክ ግን አልረሱትም። እኔም ይህን ከሰማሁ በኋላ አንቀጹ ይሰረዝ ማለቱን ተውኩት።

«ልቅሶን ነፃ ብናደርግ ደጋሹ ሁሉ ልቅሶ ነው ይለናል» አሉ አቶ ብሩክ።

«በሠርጉ ቀን ሰው ሞተብኝ የሚል ማን ነው?» አልኩ።

 አንዲት የኮሚቴ አባል «ኧረ በስመ አብ፣ ሟርት ነው!» ብላ ጠረጴዛውን አንኳኳች፤ ሁሉም ሳቁ። አቶ ብሩክም ሳቁ። የሐጂ ከማልን የመላከ ሞት ነገርም ነገርኳቸው፤ የማን ቃል እንደሆነ ጠቅሼ።

ሳቁ ሲበርድ የያዝኩትን አቀረብኩ። ለሐዘን የሚተከል ድንኳን አንድ መኪና የሚያሳልፍ ቦታ ይተው። እድሩም በዚያው ቀን ለወረዳው ያሳውቅ።

«ማሳወቅና ማስፈቀድ ምን ለያቸው?» አሉ። «ያው ሁለቱም ወረዳ መሄድ ነው።»

«ያስፈቀደ ሰው መልስ ይጠብቃል። ያሳወቀ ሰው ተናግሮ ወደ ልቅሶው ይመለሳል።»

አቶ ብሩክ እስክሪብቶአቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ቆይተው ወደ ኮሚቴው የሕግ ባለሙያ ወደ ትዕግሥት ዞሩና፣ «ጻፊው» አሏት። እኔ ከወንበሬ አልተነሣሁም። ትዕግሥት ጽፋ፣ አትማ፣ ወረቀቱን እጄ ላይ አድርጋ፣ እኔም አንብቤው እስክጨርስ ድረስ አልሄድኩም። ልጅቷ በሆዷ ይህች ሴትዮ ምን ሆነች ሳትለኝ አልቀረችም። ስለ ጌታሁን ፍሬን አልነገርኳትም።

የመጨረሻው ስብሰባ ቀን ከጠዋት ጀምሮ ይዘንብ ነበር። አጀንዳው ሞልቷል፤ ሪፖርት አለ፣ በጀት አለ፣ ሹመት አለ፤ የእኛ አዋጅ መጨረሻ ላይ ነው። የታተመው ቅጂ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። የተስማማንበት አንቀጽ ገብቷል፤ ቃሉም «በማሳወቅ» ይላል። በሻይ እረፍት ላይ ትዕግሥትን ኮሪደሩ ላይ ይዣት፣ «ከኋላ ጀምረሽ አንብቢልኝ» አልኳት።

«ከኋላ?»

«ከቅጣቱ።»

እየሳቀች ጀመረች። ሁለት መስመር ሳትሄድ ሳቋ ቆመ።

«እንዴ፣ ቆይ… እትዬ እልፌ፣ ይሄ አልተነካም።» ጣቷን ወረቀቱ ላይ አድርጋ ደገመችው። «‹ሳያስፈቅድ› ነው የሚለው። ፊት ላይ ልቅሶ ይሳወቅ ብለናል፣ እዚህ ያላስፈቀደ ይቀጣል ይላል። ያሳወቀውም ሊቀጣ ነው!»

የስህተቱ ባለቤት ማን እንደሆነ ለመነጋገር ጊዜ አልነበረም። ብዙ ሰው አንብቦታል፤ እኔም ካነበቡት አንዷ ነኝ፤ ያን ቀን በኮሚቴው ክፍል ያነበብኩት የተለወጠውን ገጽ ብቻ ነበር። ትዕግሥት የእርማቱን ቃል እዚያው ቆማ ጻፈችው። ቀጥሎ ያለው ሥራ የእኔ ነበር።

አቶ ብሩክ ፊት ረድፍ ላይ ሆነው ስልካቸውን እያዩ ነበር። ወረቀቱን ሰጠኋቸው።

«አሁን ነው የሚነገረኝ?»

«አሁን ነው ያየነው።»

አነበቡት። ግንባራቸውን አሹ። «ወይዘሮ እልፍነሽ፣ ጽሑፉን ከከፈትነው ክርክር ይነሣል። ክርክር ከተነሣ ጊዜ የለም፣ አዋጁ በሙሉ ይወድቃል። የእኔም አምቡላንስ አብሮ።»

«ክርክር ካልተነሣስ?»

«ካልተነሣማ አነበዋለሁ።»

ወደ በሩ ተመልሼ በቦታዬ ቆምኩ። ሰዉ ከሻይ እየተመለሰ ነበር። እዚያ በሩ ጋ ባለው ረድፍ ሁለት የሥራ ዘመን ስቀመጥ የሁሉንም ስም አውቄያለሁ፤ ከስማቸውም ሌላ የምላቸው ነበረኝ። ከእነሱ ውስጥ ልቅሶአቸው የደረስኩ ብዙ ናቸው። የማን እናት መኪና በማይገባበት ሠፈር እንደተለቀሰች፣ የማን ወንድም በነሐሴ ዝናብ እንደተቀበረ አውቃለሁ። ያን አላነሣሁባቸውም፤ ማንሣትም አይገባም። የእያንዳንዱን እጅ ጨብጬ፣ «አዋጁ ላይ የአንድ ቃል እርማት ይነበባል፤ ላሳወቀ ለቀስተኛ ነው» አልኩ። «ለልቅሶ ነው?» ይሉኛል፤ «ለልቅሶ ነው» እላለሁ፤ ያልፋሉ። ተጨማሪ የጠየቀኝ አልነበረም።

በጀቱ ጸደቀ። ሹመቱ ጸደቀ። የእኛ ተራ ሲደርስ አቶ ብሩክ ተነሥተው ሪፖርታቸውን አቀረቡና እርማቱን አነበቡ።  አንድ ከመካከለኛው ረድፍ ያሉ አባል እጃቸውን አወጡ። ከሻይ ሲመለሱ ዘግይተው በሌላው በር የገቡ ናቸው።

«ክቡር አፈ ጉባኤ፣ ለምን ልቅሶ ተለይቶ…»

ጎናቸው የተቀመጡት ሰው ወደ ጆሮአቸው ጠጋ ብለው አንድ ነገር አሏቸው። ምን እንዳሏቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። ሰውየው «እሺ፣ ይቅር» ብለው ተቀመጡ።

አፈ ጉባኤው ሰዓታቸውን አዩ። «ከነእርማቱ የሚደግፍ?» አሉ።

እኔ ኋላ ነበርኩና ያየሁት የሁሉንም ጀርባ ነው። ከፊት ረድፍ ጀምሮ እጆች ወጡ፤ መካከሉ ወጣ፤ ዳር ያሉትም ወጡ። ይህን ሳይ የራሴን ረስቼው ኖሮ ያወጣሁት መጨረሻ ነው። የተቃወመ አልነበረም። አዳራሹ አጨበጨበ፤ ጭብጨባው ለእረፍቱም ሳይሆን አይቀርም፣ ቢሆንም አጨበጨበ። አቶ ብሩክ ወደ ኋላ ዞረው ፈለጉኝና ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። ትዕግሥት ግድግዳው ሥር ቆማ ዓይኗን ትጠርግ ነበር። እኔ ጃንጥላዬን ፈለግኩ።

ታክሲ ስጠብቅ ለጋሽ ተፈራ ደወልኩ።

«አለፈ» አልኳቸው።

«ቅጣቱስ?»

«እሱም ተስተካክሎ።»

 «እንግዲህ የምክር ቤት አባል ሆነሻል» አሉኝ። የሥራ ዘመኔ ያበቃው በዚያው ዕለት ነበር።

ሐጂ ከማል ሊቀመንበርነታቸውን አልተዉም። አዋጁ ታትሞ ከወጣ በኋላ፣ ክረምቱ ገና ሳይወጣ፣ ከኛ ቤት በላይ ያለች የታክሲ ሹፌር እናት ዐረፈች። ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ነበር። ስደርስ ድንኳኑ በመንገዱ አንድ ጎን ተተክሏል፤ በሌላው ጎን ሚኒባሶቹ አንድ በአንድ ያልፋሉ። የደንብ አስከባሪ ልብስ የለበሰ ወጣት ዝናብ እየመታው መኪኖቹን በእጁ ያሳልፋል። እሱን አይቼ እግሬ ትንሽ ዘገየ መሰለኝ፤ አስተዋለኝ።

«ማዘር፣ አይስጉ። ድንኳኑን ልናነሣ አይደለም።»

«አይነሣም?»

«እንዴት ይነሣል? ልቅሶ እኮ ነው። እድሩ አሳውቋል፣ መንገድ ትተዋል፤ ፈቃድ አያስፈልግም። ሕግ ነው።»

«ሕግ ነው?» አልኩት።

«ሕግ ነው፣ ማዘር። ይግቡ እንጂ፣ ዝናቡ አበሰበሰዎት።»

አመስግኜው ገባሁ። ከሟቿ ልጅ አጠገብ ቦታ ለቀቁልኝ። ድንኳኑ ሞልቷል፤ አንድም ቦታ አያፈስም ነበር።